አንዳርጌ የገዛው ዳማ

አባባልን ሰው እንደ ጨው ነው የሚያየው። ወጥ ላይ ነስነስ አድርጎ ያልፋል እንጂ ከየት አገር፣ በማን ጀርባ ተጭኖ እንደመጣ አይጠይቅም። እኛ አገር፣ በጉና ወገብ ላይ፣ ሽማግሎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ቃል አለች። ሙሽራ ሲታጭ ትነሳለች፤ ሠራተኛ ሲቀጠር ትነሳለች፤ አሁን አሁንማ የልጅ ልጆቼ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲማከሩ እንኳ አንዱ ያነሳታል። ሰምተው ይስቃሉ። እኔ መሳቅ ያቅተኝና ወደ ጓዳ እገባለሁ። ቃሏ ከየት እንደወጣች ስለማውቅ ነው። «እማማ ደግሞ ሁሉን መፍራት» ይሉኛል። አዎ፣ እፈራለሁ። ይህችንም የምጽፋት ፈርቼ ነው፤ እኔ ሳልፍ ቃሏ ብቻ ቀርታ ታሪኳ እንዳይጠፋ።

ነገሩ የሆነው አያቴ ገና ሳትዳር ነው። በሰፈሯ አንዳርጌ የሚባል ገበሬና ሚስቱ እናኑ ይኖሩ ነበር። ሰው አያስቀይሙም፣ ሰውም አያስቀይማቸውም። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ዘርፌ ሩቅ አገር ተዳረችና የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እናኑ «ላምጣት» አለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ወጉ እንዲያ ነው። ወጉም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ሴት በምጥ ጊዜ የምትጠራው እናቷን ነው። ነገር ግን ክረምት ነበርና ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለ። «መስከረም ይጥባ» ተባለ። መስከረም ሲጠባ አንድ መንገደኛ መጣና ዘርፌ ከነልጇ ከተቀበረች ሦስት ሳምንት እንዳለፋት ነገራቸው። እናኑ ልጇን አልቀበረችም፤ ወሬዋን ነው የቀበረችው።

የቀረቻቸው የሻረግ ብቻ ናት። እሷም ከወንዙ ማዶ ወይና ደጋው ላይ ተዳረች፤ ለመውረድ ግማሽ ቀን፣ ለመውጣት ሙሉ ቀን የሚፈጅ አገር። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከዚያ መልእክት መጣ። የሻረግ ነፍሰ ጡር ናት፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወሩ ሳይሞላ ትወልዳለች፤ እግሯ አብጦ ደጅ መውጣት እንኳ እየከበዳት ነው። እናኑ መልእክቱን ቆማ ነው የሰማችው፤ ከሰማችም በኋላ አልተቀመጠችም። «ይህችን በእጄ ነው የማዋልዳት» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

መምጣቱስ ትምጣ፤ በምን ትምጣ? በእግሯ እንዳትባል እግር የላት። በቃሬዛ እንዳትባል አማቷ «ከኔ ቤት በሕይወት ያለ ሰው በቃሬዛ አይወጣም፤ ሟርት ነው» ብላ አስቀድማ ዘጋች። በአካባቢው አንድ የታወቀች በቅሎ ነበረች። ባለቤቷ አንዳርጌን በክብር ተቀብሎ፣ ጠላ ቀድቶ፣ «አንድ ነገር ቢሆን ዕድሜ ልኬን ዓይንህን ማየት ሳልችል ልኖር ነው፤ ተወኝ» አለው። ደጋግ ሰዎች እምቢ ሲሉ መልስ የለውም። በቅሎ ለመግዛት ደግሞ የአንዳርጌ በረት አይበቃም። የቀረው ፈረስ ነው፤ ያውም ርካሽ ፈረስ።

ርካሽ ፈረስ አልጠፋም። ከሁለት ተራራ ወዲያ አትጠገብ የምትባል ሴት ባሏ ጓንጉል በጥር ወር ሞቶባት ፈረሱን ልትሸጥ ትፈልጋለች ተባለ። አንዳርጌ ብቻውን አልሄደም። በወጣትነታቸው ፈረስ ሲገሩ የኖሩትን አያ ስንሻውን ለምኖ ይዟቸው ሄደ።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው። ድሮ መልከ መልካም እንደነበረ ያስታውቃል፣ እንደ ፈረሰ ቤት። ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል። ጀርባውን ኮርቻ በልቶት ገጣባ ሆኗል። ጭራው በአሜከላ ተቋጥሯል። አንዳርጌ ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፤ እጁን ሲሰድድለት እጅጌውን በጥርሱ ያዘ። ያዘና ለቀቀ፤ መንከሱን የጀመረው እሱ፣ የሰለቸውም እሱ ይመስል ነበር።

አያ ስንሻው ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ። ኮቴውን አንስተው በጣታቸው አንኳኩ። ጆሯቸውን ጎኑ ላይ ለጥፈው ትንፋሹን ሰሙ። እሳቸው ሲያዩ ማንም አይናገርም ነበር።

በዚያ አገር ከብት ሲሸጥ ገዢው በምስክር ፊት የከብቱን ነውር ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሻጭም የሚያውቀውን መደበቅ አይችልም፣ ይረገማል። አንዳርጌ ጠየቀ።

«ነውሩን ንገሪኝ፣ እቴ።»

«ይነክሳል፤ አሁን አይተኸዋል» አለች አትጠገብ።

«ሌላስ ነውሩ?»

«ከባለቤቴ በቀር ማንም ሲቀመጥበት አላየሁም። እሱን ግን አንድ ቀን ጥሎት አያውቅም።»

«ሌላስ ነውሩ?»

ሴትዮዋ አሰበች። ውሸታም አልነበረችም፤ ይህን ያዩዋት ሁሉ መስክረውላታል። «ይራገጣል ወይ ካልከኝ አይራገጥም። ሲጠግብ እንዴት እንደሚሆን ግን ከጠገበ ቆይቷልና ረስቼዋለሁ» አለች። «ለኔም ለልጆቼም የሚበላ ሲጠፋ ነው የከሳው። በእጄ እየሞተ ነው፤ ውሰደው።»

አንዳርጌ ከንግግሯ ሁሉ «ጥሎት አያውቅም» የሚለውን ይዞ ቀረ። ሰው የጓጓ እንደሆነ ጆሮው መርጦ ነው የሚሰማው።

ሲመለሱ መንገድ ላይ አያ ስንሻውን «እንዴት ነው?» አላቸው።

«ጥርሱ የስምንት ዓመት ነው። እግሩ ደህና ነው፣ ሳንባው ደህና ነው፣ ጀርባው በቅቤና በአመድ ይድናል።»

«እንግዲያው ልግዛው?»

«እኔ ያየሁት ረሃቡን ነው እንጂ ፈረሱን አይደለም» አሉ። «ከቻልክ ገብስ ለሴትዮዋ ስጣትና እዚያው ይቀለብ። ከፋሲካ በኋላ መጥተህ እየው፤ ያኔ ምን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።»

«ከፋሲካ በኋላማ ልጄ ትወልዳለች፣ አያ ስንሻው። ያኔ ፈረሱ ለምኔ ነው?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ዝምታቸውን አንዳርጌ እንደ ፈቃድ ቆጠረው። እኔ ይህን ታሪክ ለራሴ በነገርኩት ቁጥር እዚህ ላይ እቆማለሁ። አንድ ቃል ቢጨምሩ ምን ነበረበት እላለሁ። ግን ምን ብለው ይጨምሩ? አያውቁም ነበር። የማያውቁትን አላውቅም ካሉ በኋላ ሌላ ምን ይባላል?

ያን ምሽት ባልና ሚስት ተማከሩ። እናኑ ፈሪ ሴት ናት፤ ዘርፌ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጥላዋን የምትፈራ ሆናለች። የፈረሱን መክሳት፣ የጀርባውን ቁስል፣ መንከሱን አንድ በአንድ አስነገረችው። አስነግራው ስታበቃ «ቢጥላትስ?» አለች።

አንዳርጌም ቀስ ብሎ «ባትመጣስ?» አላት።

ይኸው ነው። አንዱ ፍርሃት ገና ሊሆን የሚችል ነው፤ ሌላው ግን አንድ ጊዜ ደርሶ ያየችው ነው። ሰው ያየውን ፍርሃት ነው አብልጦ የሚፈራው። በማግሥቱ ጧት ጊደሯን ከበረት ፈትታ ገመዷን ለባሏ እጅ የሰጠችው እናኑ ራሷ ናት።

ዳማው በጊደርና በአንድ ጭነት ገብስ ተለውጦ መጣ። ግቢ ሲገባ ጎረቤታቸው ላቀች አጥር ተደግፋ አየችው። ላቀች ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ንጹሕ የሆነ ሴት ናት።

«እናኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ሽቅብ ሲመጡ ማን ማንን ሊሸከም ነው?»

እናኑ እንኳ ሳቀች። ከመልእክቱ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ለፈረሱ ኖረ ማለት ይቻላል። እነሱ ሲጾሙ እሱ በላ። ገብስ ታሸለት፤ ባቄላ ተቀቀለለት፤ እናኑ ለፋሲካ ከምትጠምቀው ጠላ የሚወጣውን አተላ ሁሉ ለእሱ አወረደች። አንዳርጌ ጀርባውን በየጧቱ በለብ ውኃ እያጠበ ቅቤና አመድ ይቀባው ጀመር፤ ሰው በማይበላው ቅቤ ፈረስ ታከመበት። በሦስተኛው ሳምንት ጎድኑ ተሸፈነ። በአራተኛው ፀጉሩ አበራ። ገጣባው ጠገገ። መንከሱንም ተወ፤ እናኑን ሲያይ ራሱን ብብቷ ውስጥ ያስገባል። «ርቦት ኖሯል የሚነክሰው» አለች። እውነቷን ነበር፤ ሲርበው ይነክስ ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ እውነት ነው ሰውን የሚያታልለው።

አንዳርጌ ግን እንዲሁ አላመነም። ልጁን የሚያስቀምጥበት ነውና ፈተነው። የፈረሱ ዓይን ሥር ነጠላ አራገፈ፤ ፈረሱ ዝም። ከኋላው ቁርበት አስጎተተ፤ ዝም። ጆሮው ሥር ብረት ምጣድ በዱላ ደበደበ፤ ፈረሱ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ ዝም። ወንዝ አሻገረው፣ ገደል ዳር አቆመው። የእህል ጆንያ እንደ እርጉዝ ሴት ኮርቻው ላይ አስቀምጦ ዳገቱን ሦስት ቀን አመላለሰው። በሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ሞቶ ሬሳ በደጃቸው ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስና ደረቱን ሲመታ፣ ፈረሱ ሣሩን አላቋረጠም። በመጨረሻ እናኑ ራሷ ወጣችበት። ፈረስ ላይ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት እየተንቀጠቀጠች ሜዳውን ዞረች፤ እንደ በግ ይዟት ዞረ።

ላቀች ይህን ሁሉ ከአጥሯ ሆና ትከታተል ነበር። «በቃ ሠለጠነ» አለች። «አሁን የቀረው እልልታ ነው። እልል ልበልለት?»

እናኑ ፊቷ ተለወጠ። «በሁዳዴ?» አለች። «ላቀች፣ ኧረ እግዜርን ፍሪ።»

ላቀች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ ከበሮ የለም፤ ጽናጽል የለም፤ እልልታ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ወራት ነው። ለቀልድ እንኳ በጾም እልል የምትል ሴት በዚያ አገር አልተፈጠረችም። ስለዚህ ድምፅ ሁሉ ተሞከረ፤ ያ አንዱ ቀረ።

ቅዳም ሹር ጧት አንዳርጌ ካህኑ ያደለውን ቄጤማ በራሱ አስሮ፣ ፈረሱን በልጓም እየሳበ ቁልቁል ወረደ። እናኑ ስትሸኘው ተሳለች፦ የሻረግ ደጇን ሳትረግጥ ጾሟን ላትፈታ። ዶሮው ይሠራ፣ ሰው ይብላ፤ እሷ ትጠብቃለች።

አማቾቹ ጋ ከቀትር በኋላ ደረሰ። የሻረግ አባቷን ስታይ ከተቀመጠችበት መነሳት አቅቷት እጇን ብቻ ዘረጋች። እግሯ ሲጫኑት ይሰረጉድ ነበር። ሲነጋ፣ የፋሲካ ጧት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የልጅቱ ባል ፈረሱ ከበረቱ ወጥቶ መጫኛውን በጥሶ ሜዳ ላይ ቆሞ እንዳገኘው ነገረው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው፤ ሌሊቱን የትንሣኤው ከበሮና እልልታ ሰፈሩን አናውጦት ነበር። «ጅብ ሸትቶት ይሆናል» ተባባሉ። አንዳርጌም «ጅብ ነው» አለ። ፈረሱን ደባበሰው፤ ፈረሱ ላብ በላብ ሆኗል፣ ግን ጸጥ ብሏል። አማቾቹ እንዲውሉ ለመኑት። እሱ ግን እናኑ ጾሟን ሳትፈታ እንደምትጠብቅ ያውቃል። ኮርቻው ላይ ጋቢ አጥፎ ደራረበ፤ ልጁን ሁለት ሰው አንስቶ አስቀመጣት።

መንገዱን ሁሉ ፈረሱ መልአክ ነበር። ይህን የሻረግ ራሷ ናት ስትናገር የኖረችው። ወንዙን ሲሻገሩ ድንጋዩን በኮቴው እየዳበሰ ነው የተራመደው። ዳገቱ ላይ አባቷ ሲደክመው ቆሞ ይጠብቀዋል። «አባዬ፣ ይሄስ ከሰው ይሻላል» አለችው። አንዳርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ አረፈ። ለሚወለደው ልጅ ስም እንድታወጣለት ለመናት። እሷም «ወንድ ከሆነ አንተ አውጣለት፣ ሴት ከሆነች ዘርፌ ናት» አለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከሰፈሩ ሜዳ ጫፍ ብቅ አሉ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ከወዲያኛው ዳር ድንጋይ ካብ አለ፣ ከካቡ ወዲያ የእነ አንዳርጌ ቤት። ሴቶቹ ከጧት ጀምረው ሲጠብቁ ነው የዋሉት። አያ ስንሻውም ከካቡ ላይ ተቀምጠዋል። እናኑ ልጇን ከሠርጓ ቀን ወዲህ አላየቻትም። አሁን አየቻት፤ በሕይወት፣ በፈረስ ላይ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ። ወንዝ ያልያዛት፣ ወሬ ያልበላት ልጅ። ሃምሳ አምስት ቀን የታፈነው፣ ከዘርፌ ሞት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ጉሮሮዋን ከፍቶ ወጣ። እናኑ እልል አለች።

እልልታ ብቻዋን አትቀርም። ላቀች ተቀበለቻት፣ ሌሎቹ ተቀበሉ።

ፈረሱ ራሱን አቀና። አያ ስንሻው በኋላ ሲናገሩ አልደነገጠም አሉ፤ የደነገጠ ፈረስ ዓይኑ ነጭ ያወጣል፣ ጆሮው ይዞራል። ይህ ግን ጆሮውን ወደፊት ቀሰረ፤ ስሙን እንደተጠራ ሰው። ከዚያ ሄደ። አንዳርጌ ዛቡን በእጁ ጠቅልሎ ይዞት ነበርና ተጎትቶ ወደቀ፤ ጠፍሩ የመዳፉን ቆዳ ይዞ ወጣ። እልልታው ወደ ጩኸት እስኪለወጥ ድረስ ዳማው ሜዳውን አጋምሷል።

የሻረግ አልወደቀችም። አንገቱን አቅፋ ተለጠፈችበት። ዝም ብሎ ቢጋልብ ኖሮ ሲደክመው ይቆም ነበር፣ እሷም ትተርፍ ነበር። ግን፣ በኋላ እንደታወቀው፣ የጉግስ ፈረስ ነው። ሜዳው ዳር ሲደርስ እንደተማረው በኋላ እግሩ ተተክሎ ባለበት ዞረ። እሱ ዞረ፣ እሷ ቀጠለች። ካቡ ላይ ነው ያረፈችው።

ሰዎቹ ሲደርሱ ፈረሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። አልሸሸም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቅ ነበር፤ ጥሩ አድርጎ የሮጠ ፈረስ ከጌታው እጅ የሚጠብቀውን ነገር።

በዚያው ዕለት ማታ የሻረግ በእናቷ ቤት፣ በእናቷ እጅ ወለደች። ወንድ ነው። አላለቀሰም። ክርስትና ያልተነሳ ነውና ያለ ካህን፣ ያለ ፍትሐት፣ አንዳርጌ በተላጠ መዳፉ ከጓሮ ቆፍሮ አኖረው። ስም አላወጣለትም። ዶሮ ወጡ ሳይከፈት ተደፋ፤ እናኑ ጾሟን የፈታችው በስንተኛው ቀን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

የሻረግን እኔም ደርሼባታለሁ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ትምህርት ቤት ስገባ እሷ አርጅታ፣ በዳሌዋ ወደ ግራ አዘንብላ የምትሄድ ሴትዮ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም፤ ባሏም ሌላ አገባ። እናቷ እናኑ እስክትሞት ድረስ በበዓል ቀን ታቦት ሲወጣ፣ ሴቱ ሁሉ እልል ሲል፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ትጎስር ነበር አሉ። ከአፏ የሚወጣው ልጅ የሚገድል ይመስላት ነበር። «እኔ ነኝ» ትል ነበር፤ ማንም «አይደለሽም» ቢላት አትሰማም።

ነገሩ በሆነ በሦስተኛው ቀን ሰው ለማስተዛዘን ተሰብስቦ ተቀምጧል። ውጭ ፈረሱ ታስሯል። ከዘመዶቹ አንዱ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ «ፍቀድልኝና ልድፋው» ቢለው አንዳርጌ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሐል አትጠገብ መጣች። ወሬውን ሰምታ ሁለት ተራራ በእግሯ አቋርጣ፣ ጊደሯን እየነዳች ነው የመጣችው። ጊደሯ በረቷን አውቃ ገባች፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

አትጠገብ አልተቀመጠችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ፈረሱን ምን አደረጋችሁት?» አለች።

«እኛማ ምን አደረግነው?» አለ አንዳርጌ። «እናቷ እልል አለች።»

ሴትዮዋ ግድግዳውን ያዘች። በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች። «ባለቤቴ ጉግስ ሲወጣ እልል የምለው እኔ ነበርኩ። ሜዳው ላይ ያ ሁሉ ሴት እልል ሲል ይኸ ፈረስ የኔን ለይቶ ያውቃል ይባል ነበር፤ ለካ የማንም ይበቃው ኖሯል። እልል ስል ይነሳል፤ ያለ ጅራፍ፣ ያለ እርካብ። አገር ሁሉ ይቀናብን ነበር።»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ» አለ አንዳርጌ። በቁጣ አልነበረም፤ ለቁጣ የሚሆን የቀረው ነገር አልነበረም።

«የጠየቅኸኝ ነውሩን ነው» አለች አትጠገብ። «ይህ ምስጋናው ነበር።»

እናኑ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ሴትዮዋን የሚረግማት ቢጠፋም ግቢ የሚላትም አልነበረም፤ ቆማ ቆማ ሄደች። ፈረሱን እየሳበች ይሁን ትታው አላውቅም፤ አንዱ ወሰደችው ይላል፣ አንዱ ተከትሏት ሄደ ይላል።

ከዚያ አንዳርጌ ወደ አያ ስንሻው ዞረ። እጁ በጨርቅ እንደታሰረ ነው። «አንቱ ፈረስ ያውቃሉ» አላቸው። «ጥርሱን አይተዋል፣ ኮቴውን አይተዋል። እኔም ወንዙን፣ ገደሉን፣ ለቅሶውን ሳይቀር አሳይቼዋለሁ። ይንገሩኝ፣ ምን ነበር ማየት የነበረብኝ?»

የሽማግሌው ዓይን ቀልቶ ነበር። ያን ቀን መንገድ ላይ ዝም ማለታቸው እየከነከናቸው እንደነበር አያቴ እርግጠኛ ነበረች።

«ያየኸው ሁሉ ልክ ነው፣ ልጄ» አሉት። «እኔም ያየሁት ልክ ነው። ሁላችንም ያየነው ግን ጾመኛውን ነው።» ከዚያ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበው፣ ለእሱም ለራሳቸውም ይሁን ከእነሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው፣ ለማን እንደሆነ በማይታወቅ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «በሁዳዴ የገዙት ፈረስ በፋሲካ ይጥላል።»